ጆሮውን ያየለት አለ?

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የ14 ዓመት ልጅ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ካርዱ ላይ ቀድሞ የሚጻፈው ውስንነቱ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያሳየው ምልክት ሁሉ በዚያው ይታለፋል። ጭንቅላቱን በእጁ ሲመታ «ያው አመሉ ነው» ይባላል። ምግብ እንቢ ሲል «እንደሱ ያሉ ልጆች እንዲህ ናቸው»። ሌሊት ሲጮኽ «ለዚህ እኛ ጋር መድኃኒት የለም፤ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ውሰዱት»። ጆሮው በኩክ ተደፍኖ ወይም መግል ይዞ እንደሆነ ግን ያየለት የለም። የመንጋጋ ጥርሱ በስብሶ እንደሆነም አፉን ከፍቶ ያየ የለም።

ውስንነቱን ራሱን የሚያድን መድኃኒት አለመኖሩ እውነት ነው። ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው ጤና ጣቢያው የሚያደርግለት ነገር የለም» ማለት ግን ትልቅ ስህተት ነው። በዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ከሚያስፈልገው ሕክምና አብዛኛው ስፔሻሊስት አይጠይቅም፤ የጤና መኮንንና ነርስ የሚችሉት ነው። ኩክ ማውጣት፣ የሆድ ድርቀት ማከም፣ ክብደት መመዘን፣ የቀረ ክትባት መስጠት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትን መከታተል፣ ስለ ወር አበባ ማስተማር፤ ይህ ሁሉ በየቀኑ ለሌላው ሰው የሚሠራ ሥራ ነው።

ስለ እነማን እየተነጋገርን እንደሆነ በአጭሩ እንግለጽ። የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት የሚባለው ከልጅነቱ ጀምሮ ነገርን የመረዳት፣ የመማርና የዕለት ኑሮውን በራሱ የማከናወን ችሎታው ከእኩዮቹ በጉልህ ያነሰ ሰው ነው። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከ100 ሰው ከ1 እስከ 3 የሚሆነው ይህ ውስንነት እንዳለበት ይገምታሉ። አብዛኞቹ ቀለል ያለ ውስንነት ያለባቸው ናቸው፤ ይናገራሉ፣ ይላላካሉ፣ ቤት ውስጥ ይሠራሉ። በዚህም ምክንያት ማንም ሳይመረምራቸው «ትምህርት አይገባውም» ብቻ ተብለው ያድጋሉ። መንስኤው አንድ አይደለም፤ ዳውን ሲንድረም፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ ማጅራት ገትር፣ በእርግዝና ወቅት የሚያጋጥም የአዮዲን እጥረትና ሌሎችም አሉ። የአእምሮ ሕመምም ሆነ ኦቲዝም ከዚህ የተለዩ ናቸው፤ አብረውት ሊኖሩ ግን ይችላሉ። በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ሲባል ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያሉትን ይቆጥራል።

ችግሩ ከድህነት ብቻ የመጣ እንዳይመስለን ወደ እንግሊዝ እንይ። ሕክምና በነፃ በሚሰጥበት በዚያ አገር የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሞት መንስኤ ምርመራ አስደንጋጭ ነበር። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ወንዶች ከሌላው ሕዝብ 13 ዓመት፣ ሴቶቹ ደግሞ 20 ዓመት ቀድመው ይሞቱ ነበር። ከሞቱት ውስጥ በርካቶቹ ሕመማቸው በወቅቱ ታይቶ ቢታከም ኖሮ ሊድኑ የሚችሉ ናቸው። ዳውን ሲንድረም የነበረበት ሪቻርድ ሃንድሊ እ.ኤ.አ. በ2012 በ33 ዓመቱ የሞተው ከሆድ ድርቀት በመጣ ችግር ነው። እንደ ተራ ነገር የምናየው የሆድ ድርቀት ሰው ይገድላል ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። እምብዛም የማይንቀሳቀስ፣ ውኃ በበቂ የማይጠጣ፣ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የሚወስድና ሕመሙን መናገር የማይችል ሰው ላይ ግን ይህ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «ስንት ቀን ሆነው ሰገራ ከወጣ?» የሚለው ጥያቄ በእያንዳንዱ ጉብኝት መጠየቅ አለበት።

እንግሊዞች ከመፍትሔዎቹ አንዱ ያደረጉት ዓመታዊ ምርመራን ነው። መጀመሪያ ለአዋቂዎች ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 14 ዓመት ዝቅ አለ። ዕድሜው የወረደበት ምክንያት አለው። ልጁን ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቁት የሕፃናት ሐኪሞች ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይሰናበታሉ፤ ከዚያ በኋላ የእኔ ነው የሚለው ክፍል አይኖርም። እንግሊዝ ያሉ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች ይህን ሊያውቁት ይገባል፤ ልጃችሁ 14 ዓመት ከሞላው በቤተሰብ ሐኪማችሁ ዘንድ በአእምሮ እድገት ውስንነት መዝገብ ላይ መስፈሩን ጠይቁ፤ ዓመታዊ ምርመራው የሚመጣው በዚያ መዝገብ በኩል ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በኩዊንስላንድ ኒክ ሌኖክስ የተባሉት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ ነገር በትምህርት ቤቶች ሞክረዋል። ወጣቶቹ ስለ ጤናቸው የሚይዙት ማስታወሻ ተሰጣቸው፤ ሐኪሙ ደግሞ በቅደም ተከተል የሚሞላው ቅጽ ተሰጠው። የማየትና የመስማት ምርመራ የተደረገላቸው ወጣቶች ቁጥር ከፍ አለ። አዲስ ማሽን አልተገዛም። ሐኪሙ እንዲጠይቅ የሚያስታውሰው ወረቀት ነበር፤ ያ በቃ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እነዚህ ልጆች ግን በሽታቸውን አልደበቁም፤ በሚችሉት መንገድ እየተናገሩ ነው። ከዚህ በፊት ሰላማዊ የነበረ ልጅ በድንገት መናከስ፣ መጮኽ፣ ራሱን መምታት ወይም ዝም ብሎ ጥግ ይዞ መቀመጥ ከጀመረ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሕመም ነው። ከጆሮ፣ ከጥርስ፣ ከሆድ ድርቀት፣ ከጨጓራ፣ ከሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና ከወር አበባ ሕመም ይጀመራል። የሚያረጋጋ መድኃኒት የሚታሰበው እነዚህ ሁሉ ከታዩ በኋላ ነው። በተግባር ሲታይ ግን ቅደም ተከተሉ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ልጁ ሃሎፔሪዶል ወይም ክሎርፕሮማዚን ይታዘዝለታል፤ ይደነዝዛል፤ ጩኸቱ ይቆማል፤ ቤተሰቡም «ተሻለው» ይላል። ጥርሱ ግን ያው እንደበሰበሰ ነው።

መድኃኒት ከታዘዘም ለምን እንደታዘዘና መቼ እንደሚቀነስ መታወቅ አለበት። ኦሊቨር ማክጎዋን የተባለው የ18 ዓመት ወጣት እ.ኤ.አ. በ2016 ብሪስቶል ውስጥ የሞተው እሱና ወላጆቹ «ይህ መድኃኒት አይስማማውም» እያሉ ኦላንዛፒን የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ስለተሰጠው ነው። ኦቲዝም፣ ቀላል የአእምሮ እድገት ውስንነትና የሚጥል በሽታ ነበሩበት፤ የአእምሮ ሕመም ግን አልነበረበትም። ከእሱ ሞት በኋላ እናቱ ባደረጉት ትግል በእንግሊዝ የጤና ሠራተኞች ሁሉ ስለ እንደነዚህ ዓይነት ሰዎች እንዲሠለጥኑ እ.ኤ.አ. በ2022 በሕግ ተደነገገ። ሥልጠናውም በስሙ ይጠራል። ለእኔ ከዚህ ታሪክ የሚጎላው እናትን መስማት የሚለው ነው፤ ልጇን 18 ዓመት ያየችውን ሴት፣ ለ10 ደቂቃ ያየው ሐኪም ሊያልፋት አይገባም።

ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ወጣቶች የራሳቸው ዝርዝር አላቸው። ግማሽ ያህሉ ከልብ ችግር ጋር ይወለዳሉ፤ በሕፃንነት ያልታየ የልብ ችግር በጉርምስና በድካምና በትንፋሽ ማጠር ሊወጣ ይችላል። የጆሯቸው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ኩክ ቶሎ ይደፍነዋል። የታይሮይድ እጢ መድከም ይበዛባቸዋል፤ ምልክቱም መፍዘዝ፣ መወፈር፣ የቆዳ መድረቅና የሆድ ድርቀት ስለሆነ «ዳውን ስለሆነ ነው» ተብሎ ይታለፋል። የደም ምርመራው ጤና ጣቢያ ላይ ባይኖርም በዓመት አንድ ጊዜ ሆስፒታል ልኮ ማስመርመር ይቻላል፤ ከተገኘ በቀን አንድ ክኒን ይበቃዋል። ሌሊት ክፉኛ የሚያንኮራፋና ትንፋሹ የሚቆራረጥ ልጅ ቀን ላይ ቢያንቀላፋ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አንድ አስቸኳይ ምልክትም አለ፤ በደህና ይራመድ የነበረ ልጅ አረማመዱ ከተበላሸ፣ አንገቱን ካመመው ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው የአንገቱ አጥንት ኅብለ ሠረሠሩን እየተጫነ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ወደ የሚጥል በሽታ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ጤና ጣቢያው ያለው ድርሻ ትልቅ ነው። በጠቅላላው ሕዝብ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ከ100 ሰው 1 ያህል ነው፤ የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ግን ከ5ቱ 1ዱ ያህል ነው። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው፤ ርካሽ ነው፣ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፣ ለብዙዎችም ይሠራል። ችግሩ የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ልጆች ላይ ቅብጥብጥነትና ቁጣ ሊያመጣ መቻሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዚህ ምክንያት ለእነዚህ ልጆች አማራጭ ካለ ካርባማዜፒን ወይም ቫልፕሮኤት ይመረጥ ይላል። ልጅቷ ሴት ከሆነች ደግሞ ቫልፕሮኤት ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ካረገዘች ፅንሱን ክፉኛ ይጎዳል። «እሷ ምን እርግዝና አላት?» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ምክንያቱን ወረድ ብለን እናየዋለን። ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን ደግሞ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን የእርግዝና መከላከያና የሚዋጠውን ክኒን ያዳክማሉ። ይህን ሁሉ አገናዝቦ መወሰን ያለበት ባለሙያው ነው፤ ቤተሰቡ ግን «ይህን መድኃኒት ከጀመረች ወዲህ ጠባይዋ ተለወጠ» ብሎ መናገር አለበት።

መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የማያባራ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ፀበል የሚሄዱ ቤተሰቦች ላይ ይህ ይደርሳል። ፀበሉን አትሂዱ የሚል ባለሙያ የሚያተርፈው ቤተሰቡን ማጣት ነው፤ «ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ፤ አታቋርጡ» የሚል ግን ይሰማል። ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ፀበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር፤ ይህን ለቤተሰቡ ማስታወስ ይጠቅማል። ቤት ውስጥ ደግሞ እሳት አለ። ምድጃ መሬት ላይ በሚነድበት ቤት የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ቃጠሎ ይደርስበታል፤ ምድጃውን ከፍ ማድረግ ወይም መከለል፣ ወንዝ ብቻውን እንዳይወርድ ማድረግ የሕክምናው አካል ነው።

አሁን ወደ ልጃገረዶች። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት መዘጋጀት ይቻላል፤ እናት ወይም ታላቅ እህት ሞዴሱን እንዴት እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚለወጥ፣ የት እንደሚጣል ደጋግማ በተግባር ታሳያታለች፤ ንግግር የማይገባት ልጅ ብዙ ጊዜ በሥዕልና በልምምድ ትማራለች። ያልተዘጋጀች ልጅ ደሙን ስታይ የቆሰለች መስሏት ትደነግጣለች። የሆድ ቁርጠቱ አይቡፕሮፌን በመሰለ ማስታገሻ ይታከማል። ብዙ ቤተሰቦች ግን ጤና ጣቢያ የሚመጡት የወር አበባዋ ጭራሹን እንዲቆም ለመጠየቅ ነው። የሦስት ወሩ መርፌ ሊያቆመው ይችላል፤ ነገር ግን የአጥንት ጥንካሬን ይቀንሳል፤ መራመድ ለማትችል ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ልጅ ይህ በሁለት በኩል ጉዳት ነው። ልጅቷን መካን ማድረግ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 23 አካል ጉዳተኞች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ የመውለድ አቅማቸው ሊጠበቅላቸው እንደሚገባ ይደነግጋል።

መርፌውን ከሚጠይቁት ወላጆች አንዳንዶቹ በግልጽ የማይናገሩት ፍርሃት አላቸው፤ ልጃችንን ሰው ቢደፍራትስ የሚል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የጥናቶች ግምገማ የአእምሮ ሕመም ወይም የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች ከሌሎች ልጆች ይልቅ ለወሲብ ጥቃት የመጋለጥ ዕድላቸው 4.6 እጥፍ እንደሆነ አሳይቷል። መርፌው እርግዝናን እንጂ ደፋሪውን አያቆምም፤ እንዲያውም ጥቃቱ እንዳይታወቅ ሊሸፍን ይችላል። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ። ጥቃት አድራሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቤት የሚገባ የሚያውቁት ሰው ነው። ልጁ ስለ ገላው ክፍሎች ስም፣ ማን ሊነካው እንደሚችልና ማን እንደማይችል፣ «አይሆንም» ማለትን መማር አለበት። ልጆቹን ከነውር ለመጠበቅ ብሎ ዝም ማለት የሚጠቅመው ጥቃት አድራሹን ነው። ጥቃት ከደረሰ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ፈጥኖ መድረሱ ደግሞ ይበልጣል። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያሉ ቦታዎች ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ጉዳዩን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሰጥ ማዕከል አላቸው።

ክትባት ላይ አንድ ቀዳዳ አለ፤ ብዙ ሰው አያስተውለውም። የማኅፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ዋናው መንገድ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤት ያልተቀበላት ልጅ ክትባቱም ያልፋታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትሄድ «ትምህርት ቤት የማትሄድ ሴት ልጅ አለች?» ብላ ብትጠይቅ እነዚህን ልጆች ታገኛቸዋለች። የሆድ ትላትል መድኃኒትም በብዛት የሚታደለው በትምህርት ቤት ስለሆነ ችግሩ አንድ ነው።

ምርመራው ራሱ እንዴት ይካሄድ? ጠዋት ገና ሰው ሳይበዛ የመጀመሪያውን ተራ መስጠት፤ ካልሆነ ውጭ ጥላ ሥር እንዲጠብቁና ተራቸው ሲደርስ እንዲጠሩ ማድረግ። ልጁን በስሙ ጠርቶ ሰላም ማለት፤ መጀመሪያ እሱን ማናገር፣ ቀጥሎ እናቱን። አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ጥያቄ በአንድ ጊዜ፣ መልስ እስኪመጣ መታገሥ። ማዳመጫውን ይንካው፤ የደም ግፊት መለኪያው በእናቱ ክንድ ላይ ሲሠራ መጀመሪያ ይይ። መርፌ ለመውጋት አራት ሰው ከያዘው በሚቀጥለው ጊዜ በሩን አያልፍም። ያልተጨረሰ ምርመራ በሌላ ቀን ቢቀጥል ነውር የለውም። ለወጣቶች ምቹ የተባለው የጤና አገልግሎት ክፍልም ለእነዚህ ወጣቶች በሩ ክፍት ሊሆን ይገባል፤ እነሱም ወጣቶች ናቸውና።

ይህን ማሠልጠን እንደሚቻል በአገራችን ታይቷል። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ውስጥ ያሉ ሠራተኞች ስለ ልጆች የእድገት ችግር የሚማሩበት ጽሑፍና ቪዲዮ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የእንክብካቤ ሥልጠናም ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ተጣጥሞ ተሞክሯል። በአዲስ አበባ በሁለት ሆስፒታሎች ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎችን ያነጋገረ ጥናት እንዳሳየው ከሁሉ በላይ የጎደለን ያሉት የልጆቻቸው ትምህርት ነበር፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ የጤና ባለሙያ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ተናግረዋል። ብዙዎቹ ሰው ምን ይለናል በሚል ኀፍረት ውስጥ ነበሩ። ለዚህም እናትየዋን «እርስዎስ እንዴት ነዎት? እንቅልፍ ይተኛሉ?» ብሎ መጠየቅ የልጁ ምርመራ አካል ነው፤ ሌሊት የማትተኛ እናት መድኃኒት በሰዓቱ ልትሰጥ አትችልም።

እናንተ ወላጆች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ልጃችሁን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ የሚወስደውን መድኃኒት በሙሉ ከነብልቃጡና ከነማሸጊያው ያዙ፤ ከባለፈው ጊዜ ወዲህ ምን እንደተለወጠ በወረቀት ጻፉ። ለጉንፋን መጥታችሁም ቢሆን ጆሮው፣ ዓይኑ፣ ጥርሱና ክብደቱ እንዲታይ ጠይቁ። «አመሉ ነው» ከተባላችሁ «ሕመም አለመሆኑ እንዴት ታወቀ?» ብላችሁ መልስ እስክታገኙ አትነሡ።